ልጄን ወደ ባሕር ዳርቻ ልልቀቃት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጎንደር የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች እናስተናግዳለን። ሦስቱም በአየርላንድ ደሴት ስለሚማሩ ልጆችና ቅዳሜና እሁድ በቡድን ስለሚያደርጉት ጉዞ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ በደብሊን ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዋን በመማር ላይ ትገኛለች። የክፍል ጓደኞቿ በመጋቢት አጋማሽ አውቶቡስ ተከራይተው፣ አንድ ሌሊት አድረው የሚመለሱበት የባሕር ዳርቻና የገጠር ጉዞ አስበዋል። መድረሻው ገና አልተወሰነም፤ ገሚሱ ወደ ሰሜን ጃይንትስ ኮዝዌይ ወደሚባለው የድንጋይ ዳርቻ፣ ገሚሱ ወደ ምዕራብ የሞኸር ገደሎች ወደሚባለው ስፍራ ይሁን ይላል። እኔ አራዳ ውስጥ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ከጣና በቀር ሰፊ ውኃ በዓይኔ አላየሁም። ልጄን የላክኋት ለትምህርት እንጂ ገደል ለገደል እንድትዞር አይደለም። እናቷም ወቅቱ ዐቢይ ጾም በመሆኑ «ምን ትበላ ይሆን?» እያለች ትጨነቃለች። ልከልክላት ወይስ ልልቀቃት?
አባት፣ ከጎንደር አራዳ

መልስ፦ ክቡር አባታችን፣ ትሂድ እንላለን፤ መድረሻው ግን ወደ ምዕራብ እንዲሆን ከጓደኞቿ ጋር ትነጋገር። እርስዎ የፈሩት ገደሉንና ባሕሩን ነው፤ እኛን ያሳሰበን ግን በደብዳቤዎ መካከል እንደ ዋዛ ያለፉት የመድረሻው ጉዳይ ነው። ደሴቷ አንድ ብትሆንም በላይዋ ያሉት መንግሥታት ሁለት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ከተከፈለች ወዲህ ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ አካል ሆኖ ሲቀር፣ ደብሊን ያለችበት ሰፊው ክፍል የራሱን መንግሥት መሥርቷል። ጃይንትስ ኮዝዌይ የሚገኘው በሰሜኑ ክፍል ነው፤ ልጅዎ በደብሊን ያገኘችው የተማሪ ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ እዚያ አይሠራም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ሰሜን ለመሻገር፣ ለግማሽ ቀን ጉብኝትም ቢሆን፣ ከብሪታንያ የተሰጠ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ክፋቱ ይህን የሚነግራት ሰው በመንገዱ ላይ አለመኖሩ ነው። ከደብሊን ወደ ቤልፋስት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ኬላ የለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ የወታደር መፈተሻዎቹ ተነሥተዋል። ድንበሩን መሻገርዎን የሚያውቁት የአስፋልቱ የጠርዝ መስመር ከቢጫ ወደ ነጭ ሲለወጥና በፍጥነት ምልክቶቹ ላይ ያለው ቁጥር ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲዞር ነው። መተማን ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህ ድንበር ሆኖ አይታየውም፤ ልጅዎም በወንበሯ ላይ ሸለብ ካደረጋት ሳታውቀው ታልፈዋለች። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ጓደኞቿ ምንም ስለማይጠየቁ ነገሩ ትዝ ላይላቸው ይችላል። ይሁን እንጂ በአውቶቡሶች ላይ ድንገተኛ ፍተሻ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ ያለ ቪዛ የተገኘ ሰው ተይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ከመመለሱም ይልቅ የሚከብደው ጉዳዩ በመዝገብ ሰፍሮ ወደፊት በሚጠየቅ ቪዛ ሁሉ ላይ ጥያቄ ማስነሣቱ ነው። አዘጋጆቹ «ማንም አይጠይቅም» ቢሏት በቃላቸው አትተማመን፤ የሚጠየቀው አዘጋጁ ሳይሆን እርሷ ናት። ቪዛውን አመልክታ ልታገኝ ትችላለች፤ ሆኖም ሳምንታት የሚወስድና ክፍያ ያለው ጉዳይ ስለሆነ ለአንድ ቅዳሜ ሲባል የሚያዋጣ አይመስለንም።

ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ግን ከደብሊን ተነሥቶ አትላንቲክ ውቅያኖስ እስኪደርስ ድረስ ከአንድ መንግሥት ግዛት አይወጣም። ጎልዌይ ከተማ ለመድረስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል፤ የሞኸር ገደሎች ያሉት ከጎልዌይ በስተደቡብ፣ ክሌር በሚባለው አውራጃ ነው። ገደሎቹ ባሕሩን ይዘው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ከፍተኛው ቦታቸው ከውኃው በላይ 214 ሜትር ነው። 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርደውን የሰሜን ተራሮችን ገደል ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለወደቀ ሰው ግን ልዩነት ስለሌለው ስለ ጥንቃቄው እንነጋገር።

በጎብኚዎች ማዕከል አካባቢ የገደሉ ጠርዝ ሊስካኖር በሚባል የአካባቢው ጠፍጣፋ ድንጋይ ታጥሯል። ድንጋዮቹ ቁመታቸውን ይዘው ጎን ለጎን የተተከሉ ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ለሚመለከታቸውም በገጻቸው ላይ የተጠማዘዙና የተጠላለፉ መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ድንጋዩ ገና ጭቃ ሳለ በባሕር ወለል ላይ የተሳቡ ፍጥረታት ዱካ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ300 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ልጅዎ ይህን ዱካ የምታየው ከአጥሩ ወዲህ ቆማ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ የሚያስደንቅ ነገር ቢኖር ከወዲህም ይታያል። በወዲያኛው በኩል ያለው ሣር ደህና መሬት ቢመስልም ሥሩን ዝናብና ማዕበል በልተውት ሊሆን ይችላል፤ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ነፋስም ድንገት በርትቶ የቆመን ሰው ያንገዳግዳል። በዚያ ጠርዝ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። የእግር መንገዱ በመሬት መንሸራተት ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ፣ «ተዘግቷል» የሚል ምልክት ካየች ሌሎች ቢያልፉ እንኳ እርሷ ትመለስ። የአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ደረጃ ያወጣል፤ ለክሌር ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከታወጀ ጉዞው ለሌላ ሳምንት መተላለፍ አለበት። አደጋ ቢደርስ የሚደወለው በ112 ነው፤ በባሕር ዳርቻ ከሆነ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች እንዲላኩ ይጠየቃል።

ጣናን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሊገምተው የማይችለው ሌላ ነገር የውቅያኖሱ ሙላትና ጉድለት ነው። ጣና የሚሞላው በክረምት፣ የሚጎድለው በበጋ ነው፤ አትላንቲክ ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በምዕራቡ ጠረፍ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአንዳንድ ቀናት ከ4 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ጠዋት በደረቅ አሸዋ ላይ ተራምዶ ወደ አንድ ዓለት የተሻገረ ሰው ከሰዓት በኋላ መመለሻ ሊያጣ ይችላል። የሙላቱ ሰዓት አስቀድሞ በሠንጠረዥ የሚታወቅ ስለሆነ ወደ አሸዋው ከመውረዳቸው በፊት ይመልከቱት። ዋና ከፕሮግራሙ ይውጣ፤ በመጋቢት ውኃው 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም በዳርቻዎቹ ላይ የሚቆሙት በበጋቸው ወራት ነው።

«የላክኋት ለትምህርት ነው» ያሉት እውነት ነው፤ እኛም እንድትሄድ የምንመክረው ለዚሁ ነው። ከገደሎቹ በስተሰሜን በረን የሚባል ሰፊ የኖራ ድንጋይ ምድር አለ። በሩቅ ሲያዩት ምንም የማይበቅልበት ግራጫ በረሃ ይመስላል፤ የድንጋዩ ንጣፍ ግን በቀጥታ በተሠመሩ ስንጥቆች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ጎንበስ ብለው ወደ ስንጥቁ ውስጥ ሲመለከቱ ከነፋስና ከበግ ጥርስ ያመለጡ ፈርኖችና ትንንሽ አበቦች ጥላ ይዘው ይታያሉ። የቀዝቃዛ ተራራ ዕፅዋትና የሞቃት አገር ዕፅዋት ጎን ለጎን የሚበቅሉበት ምድር በመሆኑ የዕፅዋት ሊቃውንት ከሩቅ ይመጡበታል። ዋናው የአበባ ወቅት ግን ከሚያዝያ በኋላ ስለሆነ ልጅዎ ብዙውን አታየውም። እዚያው ፖልናብሮን በሚባለው ስፍራ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ በቆሙ ድንጋዮች ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተጫነበት የጥንት ሰዎች መቃብር ይገኛል።

ከሁሉ በላይ ግን የዚያ ገጠር ታሪክ ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 ድረስ ድንች የሚያበሰብስ በሽታ ገብቶ፣ ከድንች ሌላ የሚበላው ያልነበረውን ደሃ ገበሬ ፈጀው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ፤ ምዕራቡ አገር ደግሞ እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነበር። የእኛን ክፉ ቀን በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ያመጣው የከብት እልቂት ሲሆን የእነርሱን ያመጣው የድንች እልቂት ነው፤ ገበሬ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ሲቆም ምን እንደሚደርስበት ሁለቱም ያሳያሉ። በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ፤ በዚያ ረሃብ ወቅት እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች እየተጫነ ወደ ውጭ መሄዱን አላቆመም ነበር። ዛሬም በምዕራቡ ገጠር ሲጓዙ ጣሪያቸው የወደቀ የድንጋይ ጎጆዎችና ለተራበ ሰው ደመወዝ መስጫ ሲባል የተሠሩ መንገዶች ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ነገር የጎንደር ልጅ ስታየው ከጓደኞቿ ብዙዎቹ የማይጠይቁትን ትጠይቃለች ብለን እናምናለን።

እናቷ ስለ ጾሙ መጨነቃቸው ተገቢ ነው፤ ችግሩ ያለው የጾም በሚመስሉ ምግቦች ላይ ነውና። በየገጠሩ ቡና ቤት ከሾርባ ጋር የሚቀርበው ቡናማ ዳቦ የሚቦካው በአሬራ ነው፤ በዓይን አይታወቅም። በባሕር ዳርቻ የታወቀው ወፍራም የዓሣ ሾርባም ወተት ወይም ክሬም አለበት፤ በውስጡ የሚገቡት ዛጎል ለባሾች ደግሞ ክንፍና ቅርፊት ስለሌላቸው በፍስክም ቢሆን ለእኛ የሚበሉ አይደሉም። የተጠበሰ ድንች እንኳ አንዳንድ ቤት በከብት ሞራ ይጠበሳልና ትጠይቅ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «ቪጋን» የሚለውን ቃል በምግብ ዝርዝሩ ላይ ትፈልግ፤ ይህ ምልክት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደሌለበት የሚያመለክት ስለሆነ ከእኛ ጾም ጋር ይስማማል። በቦርሳዋ በሶና ቆሎ ከያዘች ደግሞ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋትም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባቷ እንተወዋለን።

የተማሪ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚያድረው በሆስቴል ነው፤ በአንድ ክፍል ብዙ አልጋ ያለበት ርካሽ ማረፊያ ማለት ነው። ካልተጠየቀ በቀር ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ሊመደቡ ስለሚችሉ፣ የሴቶች ብቻ ክፍል እንዲያዝላት አስቀድማ ለአዘጋጁ ትንገር። ስለ ገንዘቡ ብዙ አይጨነቁ፤ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከጎንደር ዩሮ ገዝቶ መላክ ምን ያህል እንደከበደ እርሷም ታውቀዋለች፤ በአገሩ ሕግ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ስለሚፈቀድለት ወጪውን ራሷ ልትሸፍነው ትችል ይሆናል። በበረን አካባቢ የስልክ ኔትዎርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ ቀን ደውለው ባያገኟት አይደንግጡ። በመጋቢት አጋማሽ ሰዓታቸው ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እርሷ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ማረፊያዋ ገብታ ስትደውል በጎንደር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመጪው መስከረም ለትምህርት ወደ ጎልዌይ እሄዳለሁ። እዚያ ያሉ ልጆች በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ገጠር እንደሚወጡ ነግረውኛል። ብርዱ እንደ ደባርቅ ነው? ምን ዓይነት ልብስ ልያዝ?
ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ብርዱን ሳይሆን እርጥበቱን ፍራ። ጎልዌይ ከጎንደር እጅግ ወደ ሰሜን ብትርቅም፣ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃታማ የባሕር ጅረት ስለሚያለዝባት በክረምቷም እንኳ ውርጭ የሚበዛባት ከተማ አይደለችም። ደባርቅ ላይ ሌሊቱ ቢበርድም አየሩ ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ትሞቃለህ። እዚያ ግን ዝናቡ ከነፋስ ጋር በጎን ይመጣል፤ ከልብስህ ከገባ ቀኑን ሙሉ አይወጣም። ጃንጥላ ነፋሱ ገልብጦ ስለሚሰብረው ገንዘብህን አታጥፋበት፤ ውኃ የማያስገባ፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት እዚያው ስትደርስ ግዛ። ጋቢ ለማደሪያ ክፍልህ ይሁን፤ ጥጥ ውኃ ከጠጣ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አያሞቅም። በበረን ስንጥቆች መካከል ቁርጭምጭሚት በቀላሉ ስለሚጠመዘዝ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ግን ከሁሉ ይቀድማል።

ሌላው የቀኑ ርዝመት ነው። እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ እዚያ ግን በሰኔ 17 ሰዓት ያህል ይበራል፣ በታኅሣሥ ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ያጥራል። አንተ በምትደርስበት ወቅት ቀኑ በፍጥነት እያጠረ ስለሚሄድ፣ በኅዳር ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ብዙ መንገድ የሚያስኬድ ጉዞ ካለ በጥቅምት መጀመሪያ ሂድበት፤ የቀረውን ለሚያዝያ አቆየው።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በቤልፋስት የሚማር የቀድሞ ተማሪዬ ከጓደኞቹ ጋር ጃይንትስ ኮዝዌይን ሊጎበኝ መሆኑን ጽፎልኝ፣ ለክፍል ማሳያ የሚሆን ድንጋይ ላምጣልዎ ብሎኛል። ድንጋዩ ከሰሜን ተራሮች ድንጋይ ጋር ዝምድና አለውን? ማምጣቱስ ይፈቀዳል?
መምህር፣ ከአዘዞ

መልስ፦ መምህር፣ ዝምድናው የቅርብ ነው። ሁለቱም ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የወጣ እሳተ ገሞራ ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ ባዛልት ናቸው። የእነርሱ 60 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ የወጣው ሰሜን አትላንቲክ መከፈት በጀመረበት ዘመን ነው፤ የእኛ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋና ከቀይ ባሕርና ከስምጥ ሸለቆው መከፈት ጋር የተያያዘ ነው። በጃይንትስ ኮዝዌይ ቅልጡ ድንጋይ ተኝቶ ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ፣ ሲኮማተር ከላይ ወደ ታች እየተሰነጠቀ 40,000 ያህል ዓምዶች ሆኗል። ክረምት ሲወጣ መረሬ መሬት ደርቆ እንደሚሰነጠቅ ያለ ነገር ነው፤ መኮማተሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲሆን ስንጥቆቹ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ወደ መፍጠር ያደላሉ። ሁሉም ግን ስድስት ጎን የላቸውም፤ አራትም፣ አምስትም፣ ሰባትም ያላቸው ይገኛሉ። የአገሩ ሰው በተረቱ ፊን የሚባል ግዙፍ ሰው ወደ ስኮትላንድ ለመሻገር የሠራው መንገድ ነው ይላል፤ በማዶ ባለች የስኮትላንድ ደሴት ላይ ተመሳሳይ ዓምዶች መኖራቸው ለተረቱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ድንጋዩን ማምጣት ግን አይገባም። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበና የሚጠበቅ ነው። ጎብኚዎች ለመልካም ዕድል እያሉ በስንጥቆቹ መካከል የሚሰኩት ሳንቲም እንኳ ዝጎ እያበጠ ድንጋዩን ስለሚፈነክተው፣ ጠባቂዎቹ ሰውን እንዲተው እየለመኑ ነው። ደግሞስ ባዛልት ፍለጋ ያን ያህል ለምን ይኬዳል? ተማሪዎችዎ በየቀኑ የሚያዩት የፋሲል ግንብ በአካባቢው ባዛልትና በኖራ የተገነባ ነው፤ በደጋው አገራችንም መንገድ ሲቆረጥ ወይም ወንዝ ሲሸረሽር ዓምድ ዓምድ ሆኖ የተሰነጠቀ ድንጋይ ብቅ ይላል። ልጁ የብሪታንያ ቪዛ ስላለው ለኮዝዌይ ጉዞው ስጋት የለበትም፤ ነገር ግን ቡድኑ መንገዱን አራዝሞ ወደ ሞኸር ልሂድ ቢል እርሱም በተራው የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ይህን ይንገሩት። በድንጋዩ ፈንታ ዓምዶቹን ከላይ ወደ ታች፣ አጠገባቸው እስክሪብቶ አስቀምጦ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ይጠይቁት። እስክሪብቶው መጠኑን ያሳያል፤ ክፍሉ ደግሞ የየዓምዱን ጎኖች ቆጥሮ ስንቱ ስድስት፣ ስንቱ አምስት እንደሆነ በሠንጠረዥ ማስፈር ይችላል።